የክርስትና ስሙ ማን ነው?

ይህ ገጽ ከእጃችሁ ሲገባ ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሳችሁ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ቀርቦ፣ ልጆች እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ ለዶሮው ወጥ በተነሡበት ቤት ውስጥ እንደምትሆኑ እገምታለሁ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ስለ ሙታን የሚያነሣ ሰው በሠርግ ቤት ሙሾ እንደሚያወርድ ተቆጥሮ እንዳይነቀፍ እሰጋለሁ። ይሁን እንጂ የዛሬው በዓል ከመቃብር ደጃፍ የተጀመረ በዓል ነው። በዚያች ሌሊት ወደ መቃብሩ ማልደው የገሠገሡት ሴቶች ሽቱ ይዘው የወጡት፣ ለሞተ ሰው ሊደረግ ከሚገባው አንድ ነገር ስለቀረባቸው ነበር። እኔም የምጽፈው ለሞቱ ሰዎች ሊደረግ ሲገባ ስለቀረ አንድ ነገር ነው።

ነገሩን ካለፈው እሑድ ከሆሣዕና ልጀምር። ሁላችሁም እንደምታውቁት በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም። ሳምንቱ በሙሉ የጌታችን መከራ የሚታሰብበት በመሆኑ፣ በእነዚያ ቀናት የሚሞት ክርስቲያን ያለ ፍትሐት ይቀበራል። ቤተ ክርስቲያን ግን ልጆቿን እንዲሁ አትሰድም። በሆሣዕና ዕለት፣ በሳምንቱ ውስጥ ሊሞቱ ለሚችሉ ሁሉ አስቀድማ ጸሎተ ፍትሐት ታደርጋለች። ዘንባባውን በጣታችን እንደ ቀለበት አሥረን ቆመን የምንሰማው ያ ጸሎት ለማን እንደሆነ በዚያች ሰዓት ማንም አያውቅም፤ ለጎረቤታችን ሊሆን ይችላል፣ ለራሳችንም ሊሆን ይችላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሥርዓታችን ሁሉ ልቤን የሚነካኝ ይህ ነው። ገና ላልሞተ ሰው የሚጸልይ ሥርዓት፣ ከሞተ ብዙ ዓመት ስላለፈው ነገር ግን ስሙ በየትኛውም ደብር ስላልተጠራው ሰው ምን ይላል? ይህን ጥያቄ ይዤ የኖርሁት ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ነው።

በዚያ ዓመት ወታደር ነበርሁ። የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ክረምት ድንበር ጥሶ ኦጋዴንን ሲወርር በአገሩ ሁሉ የእናት አገር ጥሪ ተላልፎ ነበርና፣ ገና አፍላ ወጣት ሳለሁ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኜ ወደ ምሥራቅ ዘመትሁ። ጅጅጋ በመስከረም ወር 1970 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወድቃ፣ ጦርነቱ እስከ ሐረር አጠገብ ደርሶ የነበረበት ወቅት ነው። በአንድ ጓድ ውስጥ አራት ሆነን ከአንድ ሳህን እንበላ ነበር። አንዱ የመንዝ ሰው ነው፤ ሁላችንም «መንዜው» እንለው ነበር። ሁለተኛው የወሎ ልጅ፣ ሙስሊም ነው። ሦስተኛው ከጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣ የዜማ ተማሪ ነበርና ስሙ «መሪጌታ» ሆኖ ቀረ፤ ለመሪጌትነት ብዙ ይቀረው እንደነበር ራሱ እየሳቀ ይናገር ነበር። አራተኛው እኔ ነኝ። የእነዚህን ሰዎች ሙሉ ስም አውቃለሁ፤ በዚህ ገጽ ላይ ግን አላወጣውም። ሰው የልጁን ሞት ከጋዜጣ ማንበብ የለበትም። መርዶ የራሱ ወግ አለው።

መንዜው የሞተው በጥር ወር፣ ከጥምቀት በዓል ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከሐረር በስተደቡብ በፈዲስ አቅጣጫ ነው። በሌሊት ቀበርነው። የወሎው ልጅና መሪጌታ ግን እስከ ካራማራ አብረውኝ ነበሩ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ የተመለሰችበትን ያን ዕለት የታሪክ መጻሕፍት የድል ቀን ይሉታል፤ ልክም ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ግን ሌላም ቀን ነበር። ዕለቱ እሑድ፣ የዐቢይ ጾም ቅበላ፣ ዘወረደ ነበረ። ይህን ያወቅነው በመሪጌታ ነው። በዋዜማው ሌሊት ጠመንጃውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ የቅዱስ ያሬድን ጾመ ድጓ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ሲያዜም፣ «ዛሬ የኔታ ቢኖሩ ይህችን ቦታ በመቋሚያ ያስመልሱኝ ነበር» አለን። የተሳሳተው የቱ ላይ እንደነበር ከእኛ መካከል የሚያውቅ አልነበረም። በማግሥቱ እርሱም፣ የወሎው ልጅም ወደቁ፤ እኔን የመድፍ ፍንጣሪ ጭኔ ላይ መትቶኝ ከሜዳው ወጣሁ።

የዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 22 ቀን ዋለ። ከሆስፒታል ወጥቼ አዲስ አበባ ነበርሁ። በማግሥቱ ሰኞ ሚያዝያ 23፣ ማዕዶትና ቅዱስ ጊዮርጊስ በአንድ ቀን ተገናኝተዋል፤ ዕለቱ ሜይ ዴይ በመሆኑ ደግሞ አውራ ጎዳናው በቀይ ሰንደቅ ዓላማ አሸብርቆ፣ ሰልፈኛው በከበሮና በመፈክር ይተም ነበር። እኔ በምርኩዝ ተደግፌ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ሰፈሬ ደብር ሄድሁና ለአንድ አረጋዊ ቄስ ጥቂት ገንዘብ ሰጥቼ፣ ጓደኞቼን በጸሎት እንዲያስቡልኝ ለመንኋቸው። የሁለቱን ስም ነገርኋቸው። ቄሱ ጠብቀው፣ ጠብቀው፣ «ይህማ የዓለም ስማቸው ነው፤ የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር።

ከአንድ ሳህን የበላሁትን፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ያደርሁትን ሰው ቤተ ክርስቲያን በምን ስም እንደምታውቀው አላውቅም ነበር። የእናቱን የእጅ ሥራ፣ የፈረሱን መልክ፣ ሊያገባት ያሰባትን ልጅ ጠባይ ሁሉ ነግሮኛል፤ ያን ስም ግን አልጠየቅሁትም፣ እርሱም የእኔን አልጠየቀኝም። የክርስትና ስም እንዲህ ነው። በመዝገብ አይሰፍርም፣ በመታወቂያ አይወጣም፣ በጥሪ ሰዓት አይጠራም። የሚያውቁት እናት፣ የክርስትና አባት ወይም እናት፣ የነፍስ አባት ናቸው። ቄሱ የዓለም ስማቸውን በዳዊታቸው መጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ በእርሳስ ጻፉና «የቀረውን ፈልገህ አምጣልኝ» አሉኝ። ያን ትእዛዝ ለመፈጸም 16 ዓመት ፈጀብኝ።

ሰበብ አላጣሁም። ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ተዛወርሁ፣ ፈቃድ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ በመጨረሻም በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ሠራዊቱ ተበተነና የየራሳችንን እንጀራ ፍለጋ ያዝን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሰው ልጁን የላከበት ቤት ደጃፍ ላይ በሕይወት መቆም ከባድ ነው። «አንተስ እንዴት ተረፍህ?» ብሎ የሚጠይቅ እንኳ ባይኖር፣ ጥያቄው ከሚታዩት ፊቶች ሁሉ ላይ ይነበባል ብዬ ፈራሁ። በውጊያ ላይ ከነበሩ ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ፍርሃት ያውቁታል ብዬ አምናለሁ፤ ደፍሮ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

በ1986 ዓ.ም. ከሆሣዕና ዋዜማ ከጣርማ በር ተነሥቼ በጭነት መኪና መሐል ሜዳ ደረስሁ፤ ከዚያ በእግሬ ግማሽ ቀን የሚያህል ተጓዝሁ። የመንዝ ብርድ እንደ ነገረኝ ነበር። ሰዎቹንም እንደ ነገረኝ አገኘኋቸው፤ ለእንግዳ ውኃ አቅርበው እግር ሳያጥቡ «ከወዴት ነህ?» ብለው አይጠይቁም። ያረፍሁት በቀጥታ ከእናትየው ቤት ሳይሆን በደብሩ አለቃ ቤት ነው። መርዶ የያዘ ሰው ከባለቤቱ ቤት አስቀድሞ አይገባምና። አለቃው ሽማግሎችን ጠሩ። ነገሩን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ክርክር ተነሣ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ነገ ሆሣዕና ነው፤ በበዓል ቀን ልቅሶ አናስነሣም፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት የቆየ መርዶ እስከ ዳግም ትንሣኤ ቢቆይ ምን ይጎድላል?» አሉ። ሌላው ደግሞ ሴትዮዋ በዚህ በዓልም ለልጁ ድርሻ ሊያስቀምጡለት ነው ወይ ብለው ተቆጡ። ነገሩን የቆረጡት አለቃው ናቸው። «ነገ ካልተነገረ ሕማማት ይገባል፤ በሕማማት ደግሞ ፍትሐት የለም። ነገ ገና ላልሞቱት ሁሉ ፍትሐት እናደርጋለን። ይህ ልጅ ከእነርሱ ያንሳል?» አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገረ አልነበረም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሄድን። እናትየው ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫኑ መነኩሲት ሆነዋል። ሽማግሎቹን በደጃፋቸው ተሰልፈው ሲያዩ አልጮኹም። «ዛሬ መጣችሁ» አሉ፤ ይህን ብቻ አሉ። ከተቀመጥን በኋላ እኔን ወደ ራሳቸው ጠርተው እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ መሞቱን ልቤ ያውቀው ነበር። የነገረኝ ሰው ግን የለም። አርባውን ላውጣ፣ ሰማንያውን ላውጣ እልና፣ ደግሞ በሕይወት ቢኖርስ፣ ሞተ ብዬ ስሙን በሙታን መካከል ባስጠራው በእጄ የቀበርሁት አይሆንብኝም ወይ እልና እተወዋለሁ። ተዝካሩን ባወጣ እፈራለሁ፤ ባላወጣ እፈራለሁ። እንዲህ ሆኜ ኖርሁ።»

ጦርነት በአንድ ቤት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ብዙ ሰው በሞት ብቻ ይለካዋል። እኔ ከዚያን ዕለት ወዲህ በዚህ ሚዛን አልለካም። ሞት የራሱ ሥርዓት አለው። ሠልስት አለው፣ አርባ አለው፣ ሰማንያ አለው፣ መንፈቅና ሙት ዓመት አለው። እያንዳንዱ ደረጃ ሐዘንተኛውን ከሐዘኑ አንድ እርምጃ እያራቀ ወደ ኑሮው ይመልሰዋል፤ አባቶቻችን ሥርዓቱን የሠሩት የሟቹን ነፍስ ብቻ ሳይሆን የቀሪውንም ልብ እያሰቡ ይመስለኛል። መርዶ ያልደረሰበት ቤት ግን ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ አንድም አልተራመደም። እኒያ እናት 16 ዓመት ሙሉ በአንዲት ቀን ውስጥ ኖረዋል። ያን ቀን ልዘጋላቸው የምችለው እኔ ነበርሁ፤ አዲስ አበባ ተቀምጬ ሰበብ እቆጥር ነበር።

ከዚያ አሟሟቱን ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። መቃብሩንም ጠየቁኝ። በሌሊት፣ በሳንጃና በራስ ቁር ቆፍረን፣ ጥይት እያለፈ እንደቀበርነው ነገርኋቸው። ማተቡን አለመበጠሳችንን ነገርኋቸው። ከዚያ አንድ ያላሰብሁትን ነገር ጠየቁኝ፤ «ፊቱን ወደ ምሥራቅ አደረጋችሁት?» አሉኝ።

በዚያች ሌሊት ምሥራቅ የት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሲነጋ ፀሐይ በግራዬ ስትወጣ መቃብሩ ከደቡብ ወደ ሰሜን ተጋድሞ አየሁት፤ እንደገና ልናወጣው ደግሞ አይቻልም ነበር። እኔ ግን «አዎን፣ እናቴ» አልኋቸው። ይህን ውሸት ለንስሓ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ተቀብያለሁ። እኒያ እናት ካረፉ ቆይቷልና ዛሬ ብጽፈው የሚጎዳ የለም። ቢሆንም ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ኖሮ ምን ይሉኝ እንደነበር አስባለሁ። በጦር ሜዳ የሞተ ሰው መቃብሩ ቢዛነፍ፣ በመጨረሻው ቀን ዘወር ብሎ ይነሣል እንጂ ይቀራል አይሉኝም ነበር። ከእኔ ይልቅ እምነት ነበራቸውና።

በመጨረሻ የክርስትና ስሙን ጠየቅኋቸው። ቀስ ብለው ነገሩኝ። ስሙ ለመንዜው የማይመስል፣ ለስለስ ያለ የመልአክ ስም ነበር፤ ባውቀው ኖሮ ስንት ቀን እንስቅበት ነበር ብዬ በዚያ ልቅሶ መካከል ፈገግ አልሁ፤ እርሳቸውም አይተውኝ ፈገግ አሉ። በዚያ ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ዘንባባውን እንደያዘ፣ ለሚሞቱት ሁሉ በሚደረገው ፍትሐት ላይ አለቃው ያን ስም ጨመሩት።

እዚህ ላይ አንባቢን ወደ ሌላ ታሪክ ለጥቂት ጊዜ ልመልስ። በዚህች አገር ወታደርን ከነስሙ ወደ ቤቱ መመለስ ያልታወቀ ነገር አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ ተመርጦ ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ በመርከብ የተነሣው በሚያዝያ ወር ነው። የዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 21 ቀን ስለነበረ በዓሉ የደረሰባቸው በባሕር ላይ ሳሉ ነው። በኮሪያ ከዘመቱት ኢትዮጵያውያን 121 ያህሉ ሲወድቁ አንድም ሰው አልተማረከም። በቡሳን በተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር አርፎ የነበረው የሟቾቹ አፅምም ወደ አገሩ ተመልሷል። ኮሪያውያን በቹንቾን ከተማ ሐውልት አቁመውላቸው በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተመርቋል። እርግጥ ነው፣ የመቶ ሃያ አንድ ሰው ስም መያዝና የአሥር ሺዎችን ስም መያዝ አንድ አይደለም፤ ይህን አልስትም።

በእኛው ጦርነት እንኳ ከእኛ ጎን የወደቁት ኩባውያን ስም አልጠፋም። በአዲስ አበባ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ባለው የትግላችን ሐውልት ግቢ ምስላቸው አለ። ኩባ ደግሞ በኅዳር ወር 1982 ዓ.ም. በአፍሪካ የወደቁ ልጆቿን አፅም ሰብስባ ወስዳ በአንድ ቀን በክብር ቀብራለች። በዚያ ሐውልት አጠገብ ባለፍሁ ቁጥር የእነዚያን የባዕድ አገር ወጣቶች ፊት እያየሁ አልቀናም፤ ይገባቸዋል። ከእነርሱ አጠገብ የወደቀው መሪጌታ ግን የት አለ እላለሁ።

አንዳንድ ሰዎች ይህ የመንግሥት ሥራ ነው ይሉኛል። ከፊል እውነት ነው። መዝገብ መያዝ፣ ለቤተሰብ በወቅቱ ማስታወቅ፣ ጡረታውን መክፈል የመንግሥት ግዴታ ነው፤ በየትኛውም ዘመን የነበረ መንግሥት በዚህ ሊጠየቅ ይገባዋል። ነገር ግን መንግሥት የሚያውቀው የመለያ ቁጥሩን ነው። ሰውየው በመጨረሻዋ ሌሊት ምን እንዳለ፣ ማን እንደቀበረው፣ በየትኛው ኮረብታ ግርጌ እንዳረፈ የሚያውቀው አጠገቡ የነበረው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ እያረጀ ነው። የኦጋዴን ጦርነት ግማሽ ምእት ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል፤ ከእኛ መካከል በየወሩ የምንቀብረው ጓድ አለ፤ ከእርሱ ጋር እርሱ ብቻ የሚያውቃቸው መቃብሮች አብረው ይቀበራሉ።

ነገሩ የእኛ ዘመን ሰዎች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። አይደለም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የወደቁት ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከ1993 ዓ.ም. በኋላ የተወለዱ ልጆች ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተፋልመዋል፤ ያውም ወንድም ከወንድሙ ጋር። በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ለብዙ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ መርዶ ሲነገር፣ እኔ በአዲስ አበባ ተቀምጬ ዜናውን ስሰማ ትዝ ያሉኝ እኒያ የመንዝ እናት ናቸው። «ዛሬ መጣችሁ» ያለች እናት ስንት ትሆን? በዚህም በዚያም ወገን የነበረ፣ ዛሬም የልጁን ወሬ የሚጠብቅ ቤት በየሰፈሩ አለ፤ ጎረቤቱም ያውቃል። የትኛው ወገን ትክክል ነበር የሚለው ክርክር በዚህ ገጽ ቦታ የለውም። ፍትሐት ወገን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የክርስትና ስም ነው።

በሌላ በኩል፣ «ሰው የገደለ ወታደር እንዴት ከሰማዕታት ጋር ይታሰባል?» የሚሉ ሃይማኖተኛ ሰዎች አጋጥመውኛል። ከሰማዕታት ጋር ይታሰብ አላልሁም፤ ከሙታን ጋር ይታሰብ ነው የምለው። ፍትሐት የሚደረገው ለኃጢአተኛ ነው፤ ጻድቅማ ምን ያደርግለታል? ደግሞም ሚያዝያ 23 የምናከብረው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ኅዳር 25 የምናከብረው ቅዱስ መርቆሬዎስ በምድራዊ ሥራቸው ምን እንደነበሩ አንርሳ።

የወሎውን ልጅ ነገር ባላነሣ በደል ይሆናል። የእርሱን ቤተሰብ ፍለጋ የክርስትና ስም ጥያቄ አላስቸገረኝም፤ ሙስሊም አንድ ስም ነውና ያለው። ወንድሙን በኮምቦልቻ አገኘሁት። ነገሩን ስጨርስ ተነሥቶ ውዱእ አደረገ፤ ከዚያ ሽማግሎችን ሰብስቦ ዱዓ አስደረገለት፤ እኔንም ከመካከላቸው አስቀመጡኝ። እጄን ዘርግቼ «አሚን» አልሁ። ይህን የሚነቅፍ ካለ፣ ከአንድ ሳህን በልቶ የማያውቅ ነው።

እንግዲህ በውጊያ ላይ የነበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በየትኛውም ዘመን፣ በየትኛውም ሠራዊት ውስጥ ብትሆኑ፣ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። የምታውቁትን ጻፉ። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የቀበሩትን ሰዎች፣ ከቻላችሁ በአጠገቡ የነበረውን ዛፍ ወይም ድንጋይ ጻፉ። ከዚያ ሂዱ። ስልክ አትደውሉ። የስልክ መርዶ ለደዋዩ ይቀላል እንጂ ለሰሚው አይቀልም። ሽማግሌ ይዛችሁ፣ በማለዳ፣ ቤተሰቡ ብቻውን እንዳይሆን ጎረቤት አስጠግታችሁ ንገሩ። «ዘግይቷል» ብላችሁ አትቅሩ፤ በእኔ ደርሷልና አውቀዋለሁ፣ የዘገየ ሰው ይታዘኑበታል እንጂ አይባረርም። ለሚጠይቋችሁ ጥያቄ ሁሉ መልስ ይኖራችኋል ብላችሁም አትጠብቁ።

ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ የደንብ ልብስ ለብሶ ሲሰናበታችሁ የክርስትና ስሙን ለጓደኛው ንገሩለት። የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ካህናት አባቶቻችን በበኩላቸው በየደብሩ ላሉት የሠራዊት ቤተሰቦች አንድ ነገር ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። ነገ ሰኞ ማዕዶት ነው፤ ነፍሳት ከሲዖል ወደ ገነት የተሻገሩበት መታሰቢያ። በዚያ ቀን ከደጀ ሰላሙ አጠገብ አንድ ካህን መዝገብ ይዞ ቢቀመጥና ዘመቻ ሄዶ ያልተመለሰ ልጅ ያላት እናት ስሙን ብታስመዘግብ ምን ይከብዳል? የሞተ ከሆነ ለጸሎት ይሆናል፤ በሕይወት ካለም ለጸሎት ይሆናል። እኒያ እናት የፈሩትን ፍርሃት ሌላዋ አትፈራም።

ያን ቄስ በ1986 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ልጠይቃቸው ብሄድ አርፈዋል። ዳዊታቸው ከልጃቸው እጅ ይገኛል፤ እርሱም ዲያቆን ነው። ከመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፉት ሁለት ስሞች ደብዝዘው ነበር። በመጀመሪያው አጠገብ የመንዜውን የክርስትና ስም በራሴ እጅ ጻፍሁ። የሁለተኛው አጠገብ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

መሪጌታን ስፈልግ ሁለት ጊዜ ወደ ጎጃም ሄጃለሁ። የቆሎ ተማሪ ከአንዱ የኔታ ወደ ሌላው እየዞረ ይማራልና የትውልድ አገሩን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ በሠራዊቱ የተመዘገበበትም የአባት ስም የእውነተኛ አባቱ ይሁን ወይም የአሳዳጊው አላረጋገጥሁም። ስለዚህ የማውቀውን ምልክት እጽፋለሁ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ከመግባቱ በፊት የተማሪ ቤቱን ለቅቆ የዘመተ ነው። ጾመ ድጓ ላይ ደርሶ ነበር። ግራኝ ነው፤ በግራ እጁ ሲጽፍ የኔታው ይቆጡት እንደነበር ይናገር ነበር። የኔታው ዓይነ ስውር ስለነበሩ በግራ መጻፉን እንዴት እንደሚያውቁበት ሁልጊዜ ይገርመው ነበር። በቀኝ ቅንድቡ ላይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ አለው። አንዲት ታናሽ እኅት ነበረችው፤ ሲሄድ ገና ጥርሷን እየነቀለች ነበር አለ፤ ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በላይ ትሆናለች። ይህን የሚያነብ፣ ወንድሜ ነው ወይም አብሮኝ ተምሯል የሚል ሰው ካለ፣ ለዚህ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ያስታውቅ። ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ።